ስልክ የማይደርስበት ጎጆ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እኔና ባለቤቴ ሲያትል ከገባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ አለችን። እሱ ያደገው ቦንጋ አጠገብ ነው። ጫካ፣ ጭጋግና ዝናብ ሲያይ ነው ያደገው። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ጫካ ቢሉኝ የማውቀው እንጦጦን ነው።

ጥር ላይ አባቱ አረፉ። የተደወለው ለእኔ ነበር፤ እዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እንደ ባህላችን ደበቅሁት። እራት አቀረብኩለት። ከልጃችን ጋር ሲሳሳቅ አየሁት። ሌሊቱን አጠገቡ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን ባይኔ አልዞረም። ሊነጋ ሲል የዕድራችን ሽማግሌዎች መጥተው አረዱት። ለቀብር አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። አይቆጣም፤ አያለቅስም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል። አባቱ ከጓሯቸው ለቅመው የላኩት የመጨረሻ ቡና ፍሪጅ ውስጥ አለ። ማንንም አያስነካም።

ባለፈው ወር ሳያማክረኝ አላስካ ውስጥ ጎጆ ተከራየ። ቶንጋስ የሚባል የዝናብ ጫካ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ነው አሉ። ለሐምሌ፣ አምስት ሌሊት። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውኃ የለም፣ መንገድ የለም። ከኬቺካን ከተማ ውኃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ወስዶ ያወርደንና ይመለሳል። ስልክ አይሠራም። "ለምን?" ስለው "ማንም የማይደውልልን ቦታ መሆን ፈልጌ ነው" አለኝ።

እናቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ስኳር አለባት። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች። እኔ ከስልኬ ተለይቼ አላውቅም። ሻወር እንኳ ይዤው ነው የምገባው። ወንድሜ ከደወለ ማንሣት አለብኝ።

ጓደኞቼ "ሰው ከጫካ ወደ አሜሪካ ይመጣል እንጂ ከአሜሪካ ወደ ጫካ ይገባል?" ይሉኛል። ድብም እፈራለሁ። ገንዘቡም ያንገበግበኛል። አልሄድም ስለው "ግድ የለም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ" አለ። ልሂድ? ልከልክለው? ወይስ ብቻውን ልልቀቀው?

ከስልኬ የማልለይ ነኝ፣ ከሲያትል

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ድቡ ታየኝ። ስደግመው ስልኩ ታየኝ። ድብ እንደምትፈሪ የነገርሽኝ በሁለት ቃል ነው። ስለ ስልኩ ግን ሻወር ቤት ድረስ ይዘሽኝ ገባሽ። ስለዚህ ከስልኩ እንጀምር፤ ድቡ ይደርሳል።

ያቺን የጥር ሌሊት ሳስባት ሆዴ ተላወሰ። ሰው ሲረዳ ብዙ ጊዜ የምናስበው የተረዳውን ሰው ነው። ቀድሞ የሰማውን፣ ፊቱን አስተካክሎ እራት ያቀረበውን ሰው የሚያስበው የለም። አንቺ ያን ሌሊት ሙሉ የሰው አባት ሞት ብቻሽን ይዘሽ አደርሽ። ማንም "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ያለሽ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብሽ ቢደነግጥ አይገርመኝም።

ሁለታችሁንም የጎዳችሁ ያው አንድ ስልክ ነው። እሱ ስልክ የማይገባበት ቦታ ካልሄድኩ አላርፍም ይላል። አንቺ ደግሞ ስልክ በሌለበት ማረፍ አትችይም። እሱ መርዶው ከደረሰ በኋላ ያለ ሰው ነው። አንቺ መርዶ የምትጠብቂ ሰው ነሽ። አንዱ ሌላውን "አብደሃል"፣ "ታጋንኛለሽ" ከማለቱ በፊት ይህን ልዩነት ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለዚያች ሌሊት ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? እራቱን ሲበላ አንቺ ታውቂ እንደነበር አሁን ያውቃል። "ያኔውኑ ብትነግረኝ እደርስ ነበር" የሚል ነገር ውስጡ ቀርቶ ይሆን? ከሲያትል አዲስ አበባ ትራንዚቱን ጨምሮ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ቦንጋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና መንገድ አለ። አባቱ የተቀበሩት በማግሥቱ ከሆነ፣ ያን ምሽት ከእራቱ ተነሥቶ ቢሮጥ እንኳ አይደርስም ነበር። ግን ሐዘን ሒሳብ አይሠራም። ይህን ቂም ይዞ ዝም ብሎ ከሆነ፣ ዝምታውን የሚፈታው ጎጆው ሳይሆን ወሬው ነው። ወይ ደግሞ ስለ አንቺ አዝኖ፣ እንዴት ብሎ እንደሚነግርሽ ጠፍቶት ይሆናል። መልሱ ያለው እሱ ጋ ነው። አንቺም ያንን ሌሊት እንዴት እንዳደርሽው ንገሪው። እሱ የሚያውቀው ንጋቱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ልውሰድሽ። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ጫካ ውስጥ ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ፤ ስለዚህ የምነግርሽ ከብሮሹር ያነበብኩትን አይደለም። ቶንጋስ ከአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ወደ 17 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል። የትሊንጊት፣ የሃይዳና የሺምሺያን ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት አገር ነው። የዝናብ ጫካ ሲባል ሙቀት እንዳታስቢ፤ ይህኛው ቀዝቃዛ ነው። ኬቺካን በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው። የጉለሌን ክረምት በሦስት አባዢው፤ ደርሰሽበታል። ዛፎቹ ሰማዩን ከድነውታል። ግንዱ፣ ድንጋዩ፣ ወድቆ የበሰበሰው ዛፍ ሳይቀር በዛፍ ሽበትና ለምለም ሣር በሚመስል አረንጓዴ ነገር ተሸፍኗል። ቦንጋ ያደገ ሰው ለምን ይህን ቦታ እንደመረጠ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ባልሽ አገር ቤት ሄዶ ያላለቀሰውን እዚያ ሊያለቅስ ፈልጎ ይመስለኛል። ዝናብ ደግሞ ለሚያለቅስ ወንድ መሸፈኛ ነው።

ጎጆው ራሱ አንድ ክፍል ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት የሚያከራያቸው አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ፍራሽ የሌላቸው የጣውላ አልጋዎች፣ ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ምድጃ፣ መጥረጊያ። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ የጉድጓድ ነው። ለውኃ ባልዲ ይዘሽ ሐይቁ ድረስ ትወርጃለሽ። ንጹሕ ቢመስልም ሳታፈሉ እንዳትጠጡት፤ እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ድስት፣ ማንኪያ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ሁሉም ከቤት ነው የሚሄደው። የገጠር ቤት ከዚህ ይሻላል ብትይ አልከራከርሽም። ግን በሐምሌ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ብርሃን አለ። ስለዚህ ረጅም ጨለማ ፈርተሽ ከሆነ እሱ አያሳስብሽ።

ድቡን ልመልስልሽ። አለ። ኬቺካን ያለችበት ደሴት ላይ ያለው በአብዛኛው ጥቁር ድብ ነው፤ ዋናው የብስ ላይ ቡናማውም አለ። ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም፤ ግን መላ አለው። ስትሄዱ ድምፅ አሰሙ፤ አውሩ፤ መዝሙርም ቢሆን ዘምሩ። ድንገት ደርሳችሁ እንዳታስደነግጡት ነው። የምግብ ትርፍራፊ ደጅ አትድፉ፤ ዕቃ ሳይታጠብ ውጭ አይደር። ሳልሞን ዓሣ በሚወጣበት ጅረት ዳር አትዝናኑ፤ ያ የእሱ ማዕድ ነው። ብታዩት አትሩጡ። የድብ ስፕሬይ የሚባለውን ኬቺካን ግዙ፤ ከሲያትል በምትሄዱበት አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም። የትንሿ ምድጃ ጋዝም እንዲሁ። ትንሹን አውሮፕላን ስትሳፈሩ ስፕሬዩን ለአብራሪው ስጡት፤ የት እንደሚያስቀምጠው እሱ ያውቃል።

እኔ ከድቡ ይልቅ የምፈራልሽ ሐይቁንና እርጥበቱን ነው። ብዙዎቹ የሐይቅ ዳር ጎጆዎች በመቅዘፊያ የምትሄድ ጀልባ አላቸው። ላይፍ ጃኬት ግን አብሮ አይመጣም፤ ከከተማ መያዝ አለባችሁ። ውኃው በሐምሌም እጅ ያደነዝዛል። ልብስን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም። ጂንስና ቲሸርት እዚያ ጠላት ነው። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ ከላይ ደህና የዝናብ ጃኬትና ሱሪ። ጋቢውንስ? ይዘሽ ሂጂ፤ ማታ ምድጃው ዳር እንደ ጋቢ የሚሆን ነገር የለም። ብቻ ከደጃፍ አይውጣ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልበል። ጎጆው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ የሚያስወጣው አውሮፕላኑ ነው። ትንሿ አውሮፕላን የምትከፈለው በአብዛኛው በጉዞ ስለሆነ፣ እሱ ብቻውን ቢሄድም ዋጋው ግማሽ አይሆንም። ሳያማክርሽ መክፈሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅር ካለሽ በግልጽ ንገሪው፤ ከሐዘኑ ጋር አታደባልቂው። "መሄድህን አልጠላሁም፤ ሳትጠይቀኝ መወሰንህ ነው የከፋኝ" በይው። ይህን ብትዪው ጨካኝ አትሆኚም።

ብቻውን ልልቀቀው ወይ ላልሽው፣ እኔ አልለቀውም ነበር። አንድ ሰው እዚያ እግሩ ቢወለም እንኳ የሚረዳው የለም። ለስድስት ወር ዝም ያለ ሐዘንተኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ልከልክለው ለሚለውም፣ አትከልክዪው። ከጥር ወዲህ የጠየቀው ብቸኛው ነገር ይህ ይመስላል። አብረሽው ብትሄጂ እመርጣለሁ። ግን አምስት ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ነው፤ ሦስት ይሁን። የጎጆውና የአውሮፕላኑ የመሰረዣ ደንብ የተለያየ ነው፤ ቀን ከመቀየራችሁ በፊት ሁለቱንም አንብቡ። ልጃችሁን በተመለከተ፣ የምታምኚው ዘመድ ካለ በዚህ ዙር ከእሱ ጋር ብትቀር ጥሩ ነው። እሷ ባለችበት ያቺን ሌሊት ማውራት አትችሉም።

ከመሄድ በፊት ግን አንድ ነገር አስተውይ። እንቅልፍ አጥቷል? ምግብ ትቷል? "መኖሬ ምን ያደርጋል" ዓይነት ነገር ከአፉ ሰምተሻል? ከሆነ ጎጆው ይቆይ፤ ሐኪም ይቅደም። አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ ጭንቅ ላይ ያለን ሰው የሚረዱ አማካሪዎችን ማነጋገር ይቻላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን በእጅሽ ያዢው።

አሁን ወደ እናትሽ። ስልክ አይሠራም ማለት መልእክት አይደርስም ማለት አይደለም። በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክና የሚቀበል፣ መዳፍ የሚያህል መሣሪያ አለ፤ ጋርሚን ኢንሪች የሚባለው ብዙ ሰው የሚይዘው ነው። ኪራይም አለው። የእርዳታ ጥሪ ቁልፍም አለው። አዳዲሶቹ አይፎኖችም፣ ከ14 ጀምሮ ያሉት፣ በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ይልካሉ። ከዛፎቹ ሥር ግን ሰማይ ስለማይታይ መልእክቱ ይዘገያል። ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ብሎ መቆም ነው። ሲያትል እያላችሁ ከወንድምሽ ጋር ሞክሩት፤ እዚያ ደርሶ መማር አይሆንም።

መሣሪያው ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ከወንድምሽ ጋር የምትገቡት ቃል ነው። እኛ ክፉ ነገር ሲደርስ "ትንሽ አሟት ነው" እንላለን። ስደተኛው ደግሞ "ትንሽ አሟት ነው" የሚለውን ሰምቶ ይሞታል። ለወንድምሽ እንዲህ በዪው፦ "ሆስፒታል ከገባች ገብታለች ብለህ ጻፍልኝ። ደህና ከሆነች ደህና ናት በለኝ። የምታምር ውሸት አትላክልኝ።" ከሁሉ የባሰው ቢመጣስ? እዚያው ሳለሽ እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ ኬቺካን ስትመለሺ? ይህን አንቺው ወስኚ፤ ለሰው አትተዪው። ማሰቡ እንደሚያም አውቃለሁ። ግን ያልወሰንሽው ነገር ነው ስልኩን ሻወር ቤት የሚያስገባሽ።

ባልሽንም አንድ ነገር ለምኚው። መሣሪያው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይከፈት፣ ጠዋትና ማታ። ሲከፈት ደግሞ ሁለታችሁም አብራችሁ አንብቡት። አንዱ ቀድሞ አይቶ ፊቱን የሚያስተካክልበት፣ ሌላው ሳያውቅ እራት የሚበላበት ሌሊት እንዳይደገም። እሱ የፈለገውን ዝምታ ያገኛል። አንቺም ከእናትሽ አትቆረጪም። በዚህ ካልተስማማ፣ ለምን እንዳልተስማማ ጠይቂው፤ ትልቁ ወሬ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

እናትሽ በጉዞው ሰሞን ሁኔታዋ ከባሰ ደግሞ ቀሪ። ያን ጊዜ መቅረትሽ ፍርሃት አይደለም። እሱም ይህን ከአሁኑ ይወቀው።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ጭጋግ ከያዘ አውሮፕላኑ በቀጠሮው ላይመጣ ይችላል። አብራሪው የሚበረው እያየ ነው፤ ካላየ አይነሣም። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ቀን ልትቆዩ ትችላላችሁ። ይህ አደጋ ሳይሆን የአገሩ ልማድ ነው። ስለዚህ ከሥራ ሁለት ትርፍ ቀን አስፈቅዱ። ልጅቷን ለሚይዘው ሰው ንገሩት፤ ለወንድምሽም ንገሪው፤ ዘገያችሁ ብሎ እንዳይሸበር። ስንቅም ትርፍ ያዙ። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ዕቃ በኪሎ ነው የሚመዘነው፤ የእኛ ስንቅ ደግሞ ድሮውኑ ለመንገድ የተሠራ ነው። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ቀላል ነው፤ አይበላሽም፤ ውኃ ከፈላ ምሳ ደረሰ። ደረቅ ክብሪትና እሳት ማቀጣጠያም አትርሱ። ጎጆው በእንጨት የሚሞቅ ከሆነ የምታገኙት እንጨት እርጥብ ሊሆን ይችላል።

ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ቡና እንዲይዝ ልንገረው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ሳስበው ሰነበትኩ። ራስሽ አትያዢው፤ ለእሱ ተዪው። አንድ ምሽት "ያን ቡና እዚያ ብናፈላው ምን ይመስልሃል?" ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ። እምቢ ካለ ፍሪጁ ውስጥ ይቆይ። እሺ ካለ ቤት ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ ያዙት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክርሻለሁ። መጀመሪያ ስለዚያች ሌሊት ከባልሽ ጋር፤ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ። እሱ ዝም ቢል አንቺ የራስሽን ተናገሪ፤ መልስ አትጠብቂ። ከዚያ የሌሊቱን ቁጥርና የመሣሪያውን ነገር ተስማሙ። ለወንድምሽ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግሽም። ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ደውይለት። እዚያ ጠዋት ይሆናል፤ እናትሽም ነቅታ ትሆናለች።